ምርቱ የተቋረጠ ራውተርና ስዊች፦ ማኑዋሉን ፈልጎ ማግኛ መንገድ

«ስዊቹ ይበራል፤ ማኑዋሉ ግን የትም የለም። ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ደጋግሞ ይመጣብኛል። አንዱ ከመሥሪያ ቤቱ ስቶር የወጣ ሲስኮ ይዟል። ሌላዋ ዘመድ ከአሜሪካ የላከላት ሊንክሲስ አላት። ሌላው ደግሞ ለትምህርት ቤት በእርዳታ የመጣ ስሪኮም ፊቱ አስቀምጦ ይጠይቀኛል። መልሴ ለሁሉም ያው ስለሆነ እዚህ ልጻፈውና ልገላገል።

አብዛኛውን ጊዜ ሰነዱ አልጠፋም። ድርጅቱ ተሽጧል፣ ስሙ ተቀይሯል፣ ድረገጹ ተዘግቷል። ሰነዱ ግን በሌላ ስም፣ በሌላ አድራሻ ተቀምጧል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፤ ዕቃው በትክክል ምን እንደሆነ ማወቅና ሰነዱ ወዴት እንደሄደ መከተል። ሲንከራተቱ የሚያመሹት የመጀመሪያውን ዘለው ወደ ሁለተኛው የሚሮጡት ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት፦ የብራንድ ስሞችንና ትእዛዞችን እዚህ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። እናንተ ስትፈልጉም ሆነ ዕቃው ላይ ስትጽፉ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሜራ ያለው ስልክና ደረቅ ጨርቅ
- ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር። በስልክም ይቻላል፤ ግን የማኅደር ድረገጾችን በስልክ መፈተሽ ያሰለቻል
- ኮንሶል ኬብል (ዕቃውን ከኮምፒውተር አገናኝቶ በጽሑፍ ትእዛዝ ለመስጠት)። ለሲስኮና ለብዙዎቹ አንዱ ጫፉ ዩኤስቢ፣ ሌላው አርጄ45 የሆነው ይበቃል። ከዚያ ለቆዩት ባለ 9 ፒን ሲሪያል ኬብልና የዩኤስቢ መቀየሪያ ያስፈልጋል
- ፑቲ ወይም ቴራ ተርም የተባለው ፕሮግራም፣ በኮንሶል ኬብሉ በኩል ትእዛዝ ለመጻፍ (ሁለቱም ነፃ ናቸው)
- መልቲሜትር፣ ዕቃው ያለ አዳፕተሩ ከመጣ
- ፍላሽ ወይም ሌላ ፋይል ማስቀመጫ

ማስጠንቀቂያ፦ ገና ሳትሰኩት

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ «ኢንፑት» የሚለውን መስመር አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ከተባለ ሰላም ነው። 120 ቮልት ብቻ ከሆነ ግን እኛ ግድግዳ ላይ ያለው 220 ቮልት ያቃጥለዋል። የድሮዎቹ ከበድ ያሉ ጥቁር አዳፕተሮች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። ሌላ አዳፕተር የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ቮልቱ ብቻ መመሳሰሉ አይበቃም። አምፔሩ ዕቃው ከሚጠይቀው ማነስ የለበትም። የሶኬቱ መሃል ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ የሚለውንም ተለጣፊው ላይ ካለችው ትንሽ ሥዕል አረጋግጡ። አንዳንድ አሮጌ ሞደሞች ጭራሽ ዲሲ ሳይሆን ኤሲ የሚያወጣ አዳፕተር ነው የሚፈልጉት። እዚህ ላይ መገመት አያዋጣም።

ሪሴት የሚለውንም ቁልፍ ለጊዜው አትንኩ። ሰው ማኑዋል ሲያጣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያች ቀዳዳ ነው። ውስጡ ያለው ኮንፊገሬሽን (የተሞላው ቅንብር) ከጠፋ አይመለስም። የኤዲኤስኤል ሞደም ከሆነ የኢንተርኔት መስመሩ የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድም አብሮ ይጠፋል።

ደረጃ 1፦ ከሆዱ ሥር ያለውን ተለጣፊ አንብቡ

ዕቃውን ገልብጡት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ተለጣፊውን በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱ። ከዚያ አራት ነገሮችን ጻፉ፦ ሞዴሉን፣ የፓርት ቁጥሩን፣ የሃርድዌር ቨርዥኑን፣ ካለ ደግሞ የኤፍሲሲ መለያውን (የአሜሪካ የሬዲዮ ዕቃዎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መለያ)።

ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ስም የቤተሰብ ስም ነው። «ሱፐርስታክ 3 ስዊች 4400» ብትሉ ባለ 24 ፖርቱም ባለ 48 ፖርቱም በዚሁ ስም ይጠራሉ። የሚለያቸው የፓርት ቁጥሩ ነው፤ ባለ 24 ፖርቱ 3ሲ17203 ነው፣ ባለ 48ቱ 3ሲ17204። በፓርት ቁጥሩ ስትፈልጉ የሚመጣው ውጤት ጥቂት ነው፤ ግን የምትፈልጉት እሱው ነው።

የሃርድዌር ቨርዥኑን ብዙ ሰው ይንቀዋል። የሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂን እንይ። ከቨርዥን 1 እስከ 4 ያሉት 4 ሜጋባይት ፍላሽና 16 ሜጋባይት ራም አላቸው፤ የሚሠሩትም በሊኑክስ ነው። ቨርዥን 5 ላይ ፍላሹ ወደ 2፣ ራሙ ወደ 8 ወረደ፤ ሲስተሙም ቪኤክስወርክስ ሆነ። ሳጥኑ ያው ሰማያዊና ጥቁር ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ዕቃ ነው። የቲፒሊንክ ደብሊውአር841ኤንም እንዲሁ ነው። ቨርዥን 9 የኳልኮም ቺፕ አለው፤ ቨርዥን 13 የሚዲያቴክ። የአንዱን ፈርምዌር (ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰውን የውስጥ ሶፍትዌር) ለሌላው መጫን ማለት ራውተሩን መግደል ማለት ነው። ዲሊንክ ይህንኑ ኤ1፣ ቢ1 እያለ ነው የሚጽፈው።

ስትገለብጡ ዜሮንና ኦን፣ 8ንና ቢን፣ 1ንና አይን አታምታቱ። ከተጠራጠራችሁ ሁለቱንም አማራጭ ሞክሩ። ሲሪያል ቁጥሩን ደግሞ ለራሳችሁ ያዙት፤ ለፍለጋ አይጠቅምም። ፎቶውን ለሰው የምትልኩ ከሆነም እሱንና የዋይፋይ ፓስዎርዱን ሸፍኑ።

ተለጣፊው ተልጦ ከሆነ ሦስት መውጫ አለ። አንደኛ፣ የማክ አድራሻው (ዕቃው ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ መለያ)። ዕቃውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኙና የአርፕ ሰንጠረዡ (ኮምፒውተሩ ያገኛቸውን ዕቃዎች አድራሻ የሚይዝበት ዝርዝር) ላይ አድራሻውን እዩ። የመጀመሪያዎቹ 6 ምልክቶች አይትሪፕልኢ የተባለው የደረጃ አውጪ ድርጅት ለአምራቹ የሰጠው ቁጥር ስለሆኑ አምራቹን ይነግሯችኋል። ሁለተኛ፣ ከመብራት ተነቅሎ ቢከፈት ሰሌዳው ላይ የሞዴልና የቨርዥን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ታትሞ ይገኛል። የፓወር ሳፕላዩን ቆርቆሮ ግን አትክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይዞ የሚቆይ ካፓሲተር አለው። ሦስተኛው መውጫ ቀጣዩ ደረጃ ነው።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን ራሱን ጠይቁት

ተለጣፊ ሊሳሳት ይችላል። ያገለገለ ዕቃ ላይ የሌላ ሳጥን ክዳን ተገጥሞ ማየት አዲስ አይደለም። በዚያ ላይ የትእዛዝ ማኑዋል የሚጻፈው ለሶፍትዌሩ ቨርዥን ነው፤ እሱ ደግሞ ተለጣፊው ላይ የለም። ስለዚህ በኮንሶል ግቡና ጠይቁት።

የኮንሶል ፍጥነት ከአምራች አምራች ይለያል። ሲስኮ ላይ 9600 ነው። ስሪኮም 4400 ላይ 19200። ማይክሮቲክ ላይ 115200። የኤችፒ ፕሮከርቭ ስዊቾች ፍጥነቱን ራሳቸው ያውቁታል፤ ኢንተርን ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ ነው። የቀረው ለሁሉም አንድ ነው፦ 8 ዳታ ቢት፣ ፓሪቲ የለም፣ 1 ስቶፕ ቢት።

ስክሪኑ ላይ ዝብርቅርቅ ምልክት ከመጣ ኬብሉ ደህና ነው፤ ፍጥነቱ ነው የተሳሳተው። ምንም ካልመጣ ደግሞ ኬብሉን ጠርጥሩ። ባለ 9 ፒን ሶኬት ያላቸው አሮጌ ስዊቾች አንዳንዶቹ ቀጥተኛ ኬብል ይፈልጋሉ፣ አንዳንዶቹ 2ኛውና 3ኛው ፒን የተጠላለፈበት። ሁለቱም መልካቸው አንድ ስለሆነ በመልቲሜትር ለዩዋቸው።

ሲስኮ ከሆነ «ሾው ቨርዥን» ብላችሁ ጻፉ። ሞዴሉን፣ የአይኦኤሱን (የሲስኮን የውስጥ ሶፍትዌር) ቨርዥን፣ የሚሞሪውን መጠን ያወጣል። አዲስ ከሆነ «ሾው ኢንቬንተሪ» የእያንዳንዱን ሞጁል ፓርት ቁጥር ይሰጣል። የሚወጣውን ሁሉ ወደ ፋይል ገልብጡት።

ማኑዋል ፍለጋ ላይ የሚረሳው ሌላው ነገር የጥያቄ ምልክት ነው። ሲስኮም ሆነ እሱን የሚመስሉት ስዊቾች ላይ ጥያቄ ምልክት ስትጫኑ በዚያ ቦታ ላይ የሚሠሩትን ትእዛዞች ከአጭር ማብራሪያ ጋር ይዘረዝራሉ። ከትእዛዙ ቀጥሎ ስትጫኑት ደግሞ የሚቀጥለውን ቃል ይነግሯችኋል። አንድ ቪላን (በስዊቹ ውስጥ የተለየ ኔትወርክ) ለመፍጠር ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ምናልባት ከዚህ በላይ ማንበብም አያስፈልጋችሁም።

ደረጃ 3፦ የቱን ሰነድ እንደምትፈልጉ ወስኑ

«ማኑዋል» የሚባል አንድ መጽሐፍ የለም። አምራቾች በየሥራው ከፋፍለው ነው የሚያወጡት፦

- ዳታሺት፦ አቅሙን፣ የፖርት ብዛቱን፣ የኃይል ፍጆታውን ይናገራል። ከመግዛት በፊት ይጠቅማል
- የሃርድዌር ኢንስታሌሽን ጋይድ፦ መብራቶቹ ምን ማለት እንደሆኑ፣ የኮንሶል ፒኖቹን፣ የኤሌክትሪክ ፍላጎቱን
- ኮንፊገሬሽን ጋይድ፦ ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ
- ኮማንድ ሬፈረንስ፦ እያንዳንዱ ትእዛዝ በዝርዝር
- ሪሊዝ ኖት፦ በዚያ ቨርዥን ላይ ያሉ ችግሮች
- የሽያጭ ማብቂያ ማስታወቂያ

ይህን መለየት ለምን አስፈለገ? ፓስዎርድ ረስቶ ዳታሺት ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ስላለ ነው። ፓስዎርድ ማደሻው ኮንፊገሬሽን ጋይዱ ውስጥ «ትራብልሹቲንግ» የሚለው ምዕራፍ ላይ ነው፤ አለዚያም ራሱን የቻለ አጭር ገጽ አለው። ካታሊስት 2950 ላይ ለምሳሌ ፊት ለፊት ያለውን «ሞድ» ቁልፍ ተጭኖ መብራት በመሰካት ነው የሚጀመረው።

የመጨረሻውን ሰነድ አትናቁት። የሽያጭ ማብቂያ ማስታወቂያ የተቋረጡትን ፓርት ቁጥሮች ሁሉ በሰንጠረዥ ያስቀምጣል፤ በጎኑ ደግሞ ተተኪውን ሞዴል ይጽፋል። የተተኪው ማኑዋል ብዙ ጊዜ አሁንም በቦታው ስላለ መሸጋገሪያ ይሆናችኋል። ሲስኮ ሃርድዌርን በተለምዶ ሽያጩ ካቆመ በኋላ ለ5 ዓመት ይደግፋል። ድጋፉ ካበቃና ምርቱ ጡረታ ከወጣ በኋላ የአንዳንዶቹን ሰነድ ከድረገጹ ያነሳል።

ደረጃ 4፦ ድርጅቱ ዛሬ የማን እንደሆነ እወቁ

ፍለጋው የሚሰናከለው በብዛት እዚህ ነው። የኔትወርክ ዕቃ አምራቾች እርስ በርስ ሲገዛዙ ነው የኖሩት። ከገዢው ጋር ሰነዱም ይሄዳል፤ አንዳንዴም በአዲስ ሽፋን እንደገና ይታተማል። እኛ ጋ በብዛት የሚገጥሙትን ላስቀምጥ፦

- ስሪኮም፦ በ2010 በኤችፒ ተገዛ። ኤችፒ በ2015 ለሁለት ሲከፈል የኔትወርኩ ክፍል ወደ ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ሄደ። ፕሮከርቭም በዚያው ነው፤ ዛሬ አሩባ በሚለው ስም ሥር ታገኙታላችሁ።
- ቤይ ኔትወርክስና ኖርቴል፦ ቤይን በ1998 ኖርቴል ገዛው። ኖርቴል በ2009 ሲከስር የድርጅቶች ኔትወርክ ክፍሉ ወደ አቫያ ሄደ። አቫያ በ2017 ለኤክስትሪም ሸጠው። ስለዚህ አንድ ቤይስታክ 450 ስዊች ሰነዱ በአራት ድርጅት ስም ሊገኝ ይችላል።
- ኬብልትሮን፦ ኢንተራሲስ ሆነ፣ በ2013 እሱም ወደ ኤክስትሪም ገባ።
- ፋውንድሪ፦ በ2008 ብሮኬድ ገዛው። አይሲኤክስ የሚባሉት ስዊቾች በኋላ ወደ ራከስ ሄዱ።
- ሊንክሲስ፦ በ2003 ሲስኮ ገዛው፤ በ2013 ለቤልኪን ተሸጠ። በመካከሉ የወጡት ራውተሮች ላይ የሲስኮ ስም ስላለ ሰው ሲስኮ ድረገጽ ላይ ይፈልጋቸዋል። የቤት ራውተር ከሆነ ወደ ሊንክሲስ ሂዱ።
- ኔትስክሪን፦ በ2004 ጁኒፐር ገዛው፤ ጁኒፐር ራሱ በ2025 የሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ሆነ።
- ዩኤስ ሮቦቲክስ፦ በ1997 ከስሪኮም ጋር ተቀላቀለ፣ በ2000 ተመልሶ ወጣ። የእነዚያን ዓመታት ሞደም በሁለቱም ስም ፈልጉ።

ዕቃችሁ እዚህ ከሌለ የድርጅቱን ስም ከ«ማን ገዛው» ጋር ፈልጉ። ዓመቱንም ያዙ፤ ደረጃ 6 ላይ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 5፦ የፍለጋ ቃሉን አስተካክሉ

የፓርት ቁጥሩን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡ። ያለ ትምህርተ ጥቅስ የፍለጋ ሞተሩ ይቀራረባል ያለውን ሁሉ ያመጣል፤ የተቋረጠ ዕቃ ላይ ደግሞ «የሚቀራረበው» አዲሱ ሞዴል ነው። ከዚያ ቀጥሎ ፋይልታይፕ የሚለውን ቃል፣ ሁለት ነጥብና ፒዲኤፍ የሚለውን ያለ ክፍተት አያይዛችሁ ጻፉ። ሻጭ ድረገጾች ይጠፉና ፒዲኤፎች ብቻ ይቀራሉ።

ካልሠራ የብራንዱን ስም አውጡትና በቁጥሩ ብቻ ሞክሩ። ከዚያም በየባለቤቶቹ ስም አንድ በአንድ። የፓርት ቁጥሩ ጭረት ካለው በጭረትም ያለ ጭረትም። መጨረሻ ላይ የአገር መለያ የሆኑ ሁለት ፊደላት ካሉ እነሱን ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ሰነዱ የሚጻፈው ለዋናው ቁጥር ነው።

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ገጾችን ደግሞ ለፎቶው ብላችሁ ክፈቷቸው። ተለጣፊያችሁ ከተላጠ የሌላው ሰው ዕቃ ላይ ያለውን ማንበብ ይቻላል።

ደረጃ 6፦ የድሮውን ድረገጽ ከማኅደር አውጡ

ዌይባክ ማሽን የኢንተርኔት አርካይቭ አገልግሎት ነው፤ ከ1996 ጀምሮ የተቀዱ ድረገጾችን ይዟል። የሞተ ድረገጽ ሰነድ የሚገኘው በብዛት እዚህ ነው። አጠቃቀሙ ላይ ግን ትንሽ ብልሃት አለ።

በመጀመሪያ የድሮውን አድራሻ አግኙ። ሳጥኑ ላይ፣ ተለጣፊው ላይ፣ ወይም በሌላ ማኑዋል የመጨረሻ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የድረገጹን ስም አስገቡና ምርቱ ገበያ ላይ የነበረበትን ዓመት ምረጡ። የመጨረሻውን ዓመት አትምረጡ፤ ድርጅቱ ከተሸጠ በኋላ የተቀዳው ገጽ ወደ አዲሱ ባለቤት የሚወስድ ባዶ ማዞሪያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለስሪኮም ለምሳሌ ከ2010 በፊት ያለውን ነው የምታዩት።

ማኅደር ውስጥ ያለ ድረገጽ የፍለጋ ሳጥኑ አይሠራም። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ጽፎ ምንም ሲያጣ «የለም» ብሎ ይወጣል። በምትኩ «ሰፖርት» ወይም «ፕሮዳክትስ» በሚለው ማውጫ እየነካችሁ ውረዱ።

ከዚህም የሚፈጥን መንገድ አለ። ከድረገጹ ስም በኋላ እዝባርና ኮከብ ምልክት ብትጨምሩ ከዚያ ድረገጽ የተቀዱ ፋይሎች ሁሉ በዝርዝር ይመጣሉ። ከላይ የማጣሪያ ሳጥን አለ፤ እዚያ የፓርት ቁጥሩን ወይም ፒዲኤፍ ብላችሁ ጻፉ። ወደ ፋይሉ የሚወስደው ገጽ ሳይቀዳ ፋይሉ ብቻውን የተቀዳበት ጊዜ አለ፤ በማውጫ ብቻ የሚፈልግ ሰው እሱን አያገኘውም። ድረገጹ በጣም ትልቅ ከሆነ ዝርዝሩ ሙሉ አይመጣም፤ ያኔ ከዋናው ስም ቀጥሎ የፎልደሩን ስም ጨምራችሁ አጥብቡት።

ደረጃ 7፦ ሌሎቹን መጋዘኖች ፈትሹ

ዋይፋይ ያለው ዕቃ ከሆነ ቀድማችሁ ወደ ኤፍሲሲ ሂዱ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ሬዲዮ ያለው ዕቃ ሁሉ በዚህ መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት፤ መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ነው። ተለጣፊው ላይ ያለውን የኤፍሲሲ መለያ ፍለጋው ላይ በሁለት ከፍላችሁ ታስገባላችሁ። የመጀመሪያው ክፍል የአምራቹ ኮድ ነው፤ በፊደል ከጀመረ 3 ምልክት ነው፣ በቁጥር ከጀመረ 5። የቀረው የዕቃው ኮድ ነው። ሲከፈት የተጠቃሚ ማኑዋሉን፣ የውጭና የውስጥ ፎቶዎቹን፣ የፍተሻ ሪፖርቱን ታገኛላችሁ። የውስጥ ፎቶው ቺፑን በስሙ ስለሚያሳይ ትልቅ ነገር ነው። የወረዳ ሥዕሉን ግን አትጠብቁ፤ አምራቾች በምስጢር እንዲያዝ ይጠይቃሉ። ዋይፋይ የሌለው ተራ ስዊች አብዛኛውን ጊዜ የኤፍሲሲ መለያ የለውም፤ ተለጣፊው ላይ ባታገኙት አትገረሙ።

ለቤት ራውተሮች የኦፕንደብሊውአርቲ (ለራውተሮች ነፃ ፈርምዌር የሚያዘጋጅ ፕሮጀክት) የሃርድዌር ሰንጠረዥ ከአምራቹ ማኑዋል የተሻለበት ጊዜ አለ። ቨርዥኖቹን ለያይቶ፣ ቺፑን፣ ፍላሹን፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን የሲሪያል ፒን ቦታና ፍጥነት ይጽፋል። ዊኪዴቪ የሚባለው ተመሳሳይ የዕቃ መረጃ ስብስብ ደግሞ በ2019 ተዘግቷል፤ ዴቪዊኪ ላይ ይዘቱን ታገኛላችሁ።

በጣም ለቆዩት፣ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ዕቃ ከሆነ፣ ቢትሴቨርስ የሚባለው ስብስብ የተቃኙ ማኑዋሎችን በአምራች ስም ደርድሮ ይዟል። ኢንተርኔት አርካይቭም ከዌይባክ ሌላ የራሱ የማኑዋል ክምችት አለው። ማኑዋልስሊብ ለቤትና ለትንሽ ቢሮ ዕቃ ጥሩ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ማኑዋሉን ለማውረድ ይህን ፕሮግራም ጫኑ» የሚል ገጽ ካያችሁ ዝጉት። ማኑዋል ፒዲኤፍ ነው፤ የሚጫን ፕሮግራም አይደለም። ካርድ ቁጥር የሚጠይቀውንም እንዲሁ።

ደረጃ 8፦ ካልተገኘ ዘመዱን ፈልጉ

ብዙ ስዊች አንድ ፋብሪካ ሠርቶት በሁለትና ሦስት ስም ይሸጣል። የዴል ፓወርኮኔክት ጄ-ኢኤክስ4200 የጁኒፐር ኢኤክስ4200 ነው። የዴል ቢ ተከታታይ ከብሮኬድ የመጣ ነው። የስሪኮም የመጨረሻ ዓመታት ስዊቾች፣ እንደ 4500ና 5500 ያሉት፣ ኮምዌር በሚባለው የኤችስሪሲ ሶፍትዌር ስለሚሠሩ የኤችስሪሲ ኮንፊገሬሽን ጋይድ ይጠቅማቸዋል። ዘመዱን የምታውቁት ኮንሶል ሲከፈት በሚወጣው የቅጂ መብት መስመር፣ በማክ አድራሻው አምራች፣ ወይም በኤፍሲሲ ኮዱ ነው። ተለጣፊው ዴል እያለ ማኩ የጁኒፐር ከሆነ መልሱ እዚያው ነው።

ከቴሌ ወይም ከሌላ አገልግሎት ሰጪ የተሰጠ ሁዋዌ ወይም ዜድቲኢ ሞደም ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሞዴሉ አንድ ቢሆንም ፈርምዌሩ ለዚያ ድርጅት የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። የመብራቶቹና የፖርቶቹ መግለጫ ይሠራል፤ መነሻ ፓስዎርዱና የሜኑ አቀማመጡ ግን ላይገጥም ይችላል።

ደረጃ 9፦ ያገኛችሁት የእናንተው መሆኑን አረጋግጡ

ፒዲኤፉን ስትከፍቱ መጀመሪያ ሁለተኛውን ገጽ እዩ። የሰነዱ ቁጥር፣ የታተመበት ጊዜና የሚሸፍናቸው ሞዴሎች ብዙ ጊዜ እዚያ ናቸው። ከዚያ የፊት ገጹን ሥዕል ከዕቃው ጋር አስተያዩ፦ የፖርት ብዛት፣ የመብራቶቹ ቦታ፣ የኮንሶሉ ቦታ። ቀጥሎ የሶፍትዌሩ ቨርዥን ደረጃ 2 ላይ ካወጣችሁት ጋር ይቀራረብ እንደሆነ እዩ። ትእዛዙ ተጽፎ ስዊቹ «አላውቀውም» ካላችሁ ማኑዋሉ ከሶፍትዌሩ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቨርዥን ወደኋላ ሂዱ።

ፈርምዌርም አብራችሁ ካወረዳችሁ ከመጫን በፊት ኤምዲ5 ቁጥሩን (ፋይሉ አለመለወጡን የሚያሳየውን) ከድሮው የአምራቹ ገጽ ጋር አመሳክሩ። ገጹ በማኅደር ካለ ቁጥሩም ሊኖር ይችላል። ምንጩ ያልታወቀ ፈርምዌር ኔትወርክ ላይ ማስገባት የቢሮውን ቁልፍ ለማያውቁት ሰው መስጠት ነው።

ደረጃ 10፦ አስቀምጡት

ዛሬ ያገኛችሁት ገጽ በሚቀጥለው ዓመት ላይኖር ይችላል። ፋይሉን በፓርት ቁጥሩ ሰይሙ፣ ቀጥሎ የሰነዱ ዓይነት፣ ቀጥሎ ቨርዥኑ። «ማኑዋል2» የሚባል ፋይል ማንም መልሶ አያገኘውም። ገጹ በሕይወት ያለ ከሆነ ዌይባክ ላይ «ሴቭ ፔጅ ናው» በሚለው አስቀዱት፤ ነፃ ነው። ፓስዎርድ ማደሻውንና የኮንሶል ፍጥነቱን የያዘውን ገጽ ደግሞ አትማችሁ ራኩ ውስጥ አስቀምጡ። ኔትወርኩ በወደቀ ቀን ማኑዋሉ ኔትወርኩ ላይ ካለ ሰርቨር ውስጥ መሆኑ አይጠቅምም።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- በብራንድና በፖርት ብዛት መፈለግ። «ሲስኮ ባለ 24 ፖርት» ብሎ የፈለገ ሰው የሚያገኘው ማስታወቂያ ነው።
- ሲሪያል ቁጥርን ከፓርት ቁጥር ጋር ማምታታት። ሲሪያሉ የዚያ አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ፓርት ቁጥሩ የዓይነቱ ነው።
- የተከታታዩን ማኑዋል «የኔ ሞዴል አይደለም» ብሎ ማለፍ። ለ2950 ተከታታይ የተጻፈው ጋይድ በውስጡ ያሉትን ሞዴሎች ሁሉ ይሸፍናል። የእናንተ ሞዴል ሽፋኑ ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው ምዕራፍ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው የሚገኘው።
- በአሮጌው የዌብ ገጽ በኩል ለመግባት መታገል። የዚያ ዘመን ዕቃዎች ጃቫ አፕሌት ወይም ያረጀ ኤስኤስኤል ይጠይቃሉ፤ የዛሬ ብራውዘር አይከፍታቸውም። ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ በኮንሶል ግቡ።
- ማኑዋሉ ተገኘ ብሎ ድጋፉ ያበቃውን ራውተር በቀጥታ ኢንተርኔቱ አፍ ላይ ማስቀመጥ። የደህንነት ማስተካከያ ከእንግዲህ አይወጣለትም። ለላብራቶሪ፣ ለልምምድ፣ ወይም ከፋየርዎል ጀርባ ለውስጥ ኔትወርክ ተጠቀሙበት።
- ለአምራቹ ሳይጽፉ መቅረት። ከድረገጹ የተነሳ ሰነድ በውስጥ ማኅደራቸው ሊኖር ይችላል። በኢሜይሉ ላይ ፓርት ቁጥሩን፣ የሃርድዌር ቨርዥኑንና የምትፈልጉትን ሰነድ ዓይነት በሦስት መስመር አስቀምጡ። «ማኑዋል ላኩልኝ» የሚል ብቻ ከሆነ፣ የሚመጣው መልስ «ምርቱ ተቋርጧል» የሚል ነው፤ እሱን ደግሞ ቀድሞውንም ታውቁታላችሁ።